ከቅርጹ በፊት ጎማው፦ የፓይንውድ ደርቢ ጥያቄዎቻችሁ

የፈረንጆች ገና አልፎ ጥር ሲገባ ወደዚህ ዓምድ የሚመጣው ደብዳቤ መልኩ ይቀየራል። ስለ መኪና ፍሬንና ስለ ቤት ቧንቧ የሚጠይቀው ሰው ዝም ይልና የልጆች የእንጨት መኪና ተራ ይደርሳል። ልጃቸው ከብ ስካውት (የትንንሽ ልጆች ስካውት) የገባ ወላጆች ምን ማለቴ እንደሆነ ወዲያው ይገባቸዋል። ለሌሎቻችሁ ባጭሩ፦ ውድድሩ ፓይንውድ ደርቢ ይባላል፤ ልጁ ከአንድ ቁራጭ እንጨት መኪና ይሠራል። ሞተር የለውም። ከተዳፋት ላይ ይለቀቃል፤ ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል።

እኔ ዕድሜዬን ቶርኖ ላይ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። እዚህ ቨርጂኒያ በሰፈራችን የስካውት ፓክ (የልጆቹ ቡድን) ውድድር ሲኖር ሚዛኑ ጋ የምቆመው እኔ ነኝ። ልጆቹ የሚያመጡትን መኪና አንድ በአንድ በእጄ እይዛለሁ። ዘንድሮ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙ ሰው የደጋገማቸውን መርጬ እመልሳለሁ።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ነው። ባለፈው ሳምንት ትንሽ ሳጥን ይዞ መጣ። ውስጡ አንድ ጠርብ እንጨት፣ አራት ምስማርና አራት የፕላስቲክ ጎማ አለ። ባለቤቴ የሌሊት ፈረቃ ነው የሚሠራው። እኔ ደግሞ መጋዝ በእጄ ይዤ አላውቅም። ልጁ ‹እንደ ፎርሙላ ዋን ይሁንልኝ› እያለ ወጥሮ ይዞኛል። ከየት ልጀምር?»
— እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እህቴ፣ ከእንጨቱ አትጀምሪ፤ ከደንቡ ጀምሪ። ፓኩ የውድድሩን ደንብ በጽሑፍ ይሰጣል፤ ካልሰጠሽ ጠይቂ። ዝርዝሩ ከፓክ ፓክ ይለያያል። ዋናው ልኬት ግን በአብዛኛው አንድ ነው። መኪናው ከነሁሉ ነገሩ ከ5 አውንስ፣ ማለትም ከ141.7 ግራም መብለጥ የለበትም። ርዝመቱ ከ7 ኢንች፣ ስፋቱ ከነጎማው ከ2 ኢንች ከሦስት ሩብ አያልፍም። ሆዱ ደግሞ ከመንገዱ 3/8 ኢንች፣ ወደ 9 ሚሊሜትር ተኩል፣ ከፍ ማለት አለበት። ምክንያቱም በየመስመሩ መሃል መኪናውን የሚመራ ከፍ ያለ ሐዲድ አለ። መኪናው ሐዲዱን በጎማዎቹ መካከል አድርጎ ነው የሚወርደው። ሆዱ ዝቅ ካለ ይታከካል።

ነገሩ ከየት መጣ ካልሽ፣ የመጀመሪያው ውድድር የተደረገው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1953 በካሊፎርኒያ፣ ማንሃታን ቢች ነው። ሐሳቡ የዶን መርፊ ነበር። ኖርዝ አሜሪካን አቪዬሽን በሚባለው የአውሮፕላን ድርጅት ይሠራ ነበር፤ የልጁንም ፓክ የሚመራው እሱ ነበር። በዚያን ጊዜ ልጆች ውስጡ ተቀምጠው ቁልቁል የሚነዱት ሶፕ ቦክስ ደርቢ የሚባል ውድድር ነበር። የሱ ልጅ ግን ዕድሜው አልደረሰለትም። አባትየው ታዲያ ትንንሾቹም በእጃቸው ሠርተው የሚወዳደሩበት ነገር አሰበ። አዲስ አበባ ውስጥ በኩሽኔታ ጋሪ ቁልቁለት ስንወርድ ያደግን ሰዎች የዚህ ነገር ደስታው አይጠፋንም።

አሁን ወደ ሥራው። ፎርሙላ ዋን ለቀለሙ ይቆየው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ልጅ ሽብልቅ ይሥራ፤ ከፊት ቀጭን፣ ወደ ኋላ እየወፈረ የሚሄድ። በጠርቡ ጎን ላይ በማስመሪያ አንድ ሰያፍ መስመር ያስምር። ከፊት አንድ ሴንቲሜትር ያህል ውፍረት ይተው። መቁረጡን አንቺ አትጨነቂበት። ብዙ ፓኮች ከውድድሩ በፊት መጋዝና ሞርሳ ያለው ሰው መጥቶ የሚቆርጥበት ቀን ያዘጋጃሉ። ያንን ቀን ጠይቂ። ከተቆረጠ በኋላ ያለው ሥራ የልጁ ነው። 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ 150፣ በመጨረሻ 220። ሁልጊዜ በእንጨቱ ጭረት አቅጣጫ፣ ከፊት ወደ ኋላ ይሽ።

ክብደቱን በኩሽና ሚዛን ለኩ፤ ግራም የሚያሳይ ይሁን። ጎማውና ምስማሩም ሚዛኑ ላይ አብረው ይቀመጡ። የጎደለውን በፔኒ መሙላት ይቻላል። አንዱ ፔኒ 2.5 ግራም ነው፤ ሂሳቡን ልጅሽ ራሱ ይሥራው። ቀለሙም ይመዝናልና ከቀለም በፊት 2 ግራም ያህል ክፍተት ተዉ። ሌላው ሁሉ ከታች ባሉት መልሶች ውስጥ አለ።

«ወንድማችን፣ አምና ከልጄ ጋር የሠራነው መኪና በኮምፒውተር የተነደፈ ነበር። የውሃ ጠብታ ቅርጽ አለው፤ ከፊት ክብ፣ ከኋላ የሾለ፣ ልክ እንደ አውሮፕላን ክንፍ። ሁለተኛውን ሞዴል ደግሞ አፍንጫውን እንደ መርፌ አሾልነው። ሁለቱንም ያሸነፋቸው አንድ ጠፍጣፋ ሳንቃ የመሰለ መኪና ነው። ኤሮዳይናሚክስ የሚባለው ነገር እዚህ ጨዋታ ላይ አይሠራም ማለት ነው?»
— አባት፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ይሠራል። ግን አንተ ያሰብክበት ቦታ ላይ አይደለም። በቁጥር እንየው፤ ያለ ቁጥር ይህ ክርክር አያልቅም።

የመንገዱ መነሻ ወደ 1.2 ሜትር ከፍታ አለው እንበል። ብዙዎቹ እዚያው አካባቢ ናቸው። ከዚያ ወርዶ ሜዳው ላይ የደረሰ መኪና በሰከንድ 4.5 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በሰዓት 16 ኪሎሜትር መሆኑ ነው፤ ዝግ ብሎ የሚነዳ ብስክሌት። የአየር ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። በሀይዌይ ላይ ነዳጅህን የሚበላው አየር እዚህ ጋ አቅሙ ትንሽ ነው።

ትንሽ ነው ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። ከሳጥኑ እንደወጣ ያልተጠረበው እንጨት ፊቱ 4.4 በ3.2 ሴንቲሜትር ነው። የፊት ጎማዎቹን ስትጨምር ከአየሩ ጋር የሚጋጨው ስፋት 20 ካሬ ሴንቲሜትር አካባቢ ይሆናል። በዚያ ፍጥነት አየሩ ወደ ኋላ የሚጎትተው በ0.02 ኒውተን ገደማ ነው። የመኪናው ክብደት 1.39 ኒውተን ስለሆነ ከክብደቱ 1.5 በመቶ ያህል ማለት ነው። ዛሬ የተለመደው የአሉሚኒየም መንገድ 42 ጫማ ነው፤ ጉዞው 3 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። በእኔ ስሌት ጠርቡ እዚያ መንገድ ላይ ከቀጭን መኪና 0.05 ሰከንድ ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። 0.05 ሰከንድ በዚያ ፍጥነት ከ20 ሴንቲሜትር በላይ ነው። ከመኪናው ርዝመት ይበልጣል። በዚህ ውድድር ብዙ ጊዜ አሸናፊው የሚለየው በሺህኛ ሰከንድ ስለሆነ፣ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

አሁን ቁም ነገሩን ልብ በል። ያ ትርፍ በሙሉ ማለት ይቻላል የሚገኘው ከመጀመሪያው ቆረጣ ነው። ውፍረቱን ከ3.2 ሴንቲሜትር ወደ 6 ወይም 7 ሚሊሜትር ስታወርደው የሰውነቱ ፊት ከ14 ካሬ ሴንቲሜትር ወደ 3 ይወርዳል። ከዚያ በኋላ አየሩ የሚያገኘው ጎማዎቹን ነው። ቀጭን ሳንቃን ወደ ቀጭን የጠብታ ቅርጽ ብትቀይረው የምታተርፈው ጥቂት ሺህኛ ሰከንድ ነው። ጥቂት ሺህኛም አንዳንዴ ዋንጫ ያስገኛል፤ ግን ሌላው ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ነው።

ያንተ ጠብታ የተሸነፈው ወፍራም ስለነበረ ነው። በላክልኝ ፎቶ ላይ መሃሉ 2.5 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ፊቱ 11 ካሬ ሴንቲሜትር መሆኑ ነው። የአውሮፕላን ክንፍ የሚያምረው ትልቅና ፈጣን ሲሆን ነው። እንዲህ ባለ ትንሽና ዝግተኛ ነገር ላይ አየሩ ወፍራሙን ጀርባ ተከትሎ እስከ ጅራቱ አይሄድም። መሃል ላይ ይለቅቀውና ከኋላ ይተራመሳል። ያ ትርምስ ነው ወደ ኋላ የሚጎትተው። ስለዚህ መጀመሪያ አቅጥነው፤ ከዚያ የፊቱን ጠርዝ ክብ፣ የኋላውን ሹል አድርገው። ሰው ሁሉ ፊቱን ያሳምራል፤ ጅራቱን እንደተቆረጠ ይተወዋል። አየር ግን ሲመጣ ብቻ ሳይሆን ሲሄድም ያስከፍላል።

መርፌ አፍንጫው ሌላ ጣጣ አለው። መነሻው ላይ መኪናውን የሚይዘው ቀጥ ብሎ የቆመ ቀጭን ብረት ነው። መኪናው በአፍንጫው ተደግፎበት ይቆማል። አፍንጫው ከሾለ ከብረቱ ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ ብረቱ ሲወድቅ መኪናው ጠማማ ሆኖ ይነሳና ሐዲዱን ይመታል። አፍንጫው ከላይ ወደ ታች ይቅጠን፤ ከግራ ቀኝ ግን መሃሉ ላይ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ቀጥ ያለ ይሁን።

የቀረውን ቶሎ ልበል። ክብደቱን ከላይ አትለጥፈው፤ እንጨቱን ፈልፍለህ ውስጥ አስገባው፣ ከዚያ በቴፕ ወይም በስስ እንጨት ሸፍነው። የሆዱ ጉድጓድም ይደፈን። ከኋላ የሚለጠፍ ስፖይለር መኪናውን ወደ መሬት ለመጫን ነው የተፈጠረው፤ እዚህ ጋ መጫን አያስፈልገንም፣ ስለዚህ ትርፉ አየር መጎተት ብቻ ነው። ከፊት ጎማ ፊት ለፊት ትንሽ ፓራፋንጎ ማድረግ ግን ይጠቅማል፤ ከቀጠነ በኋላ ዋናው የአየር ጠላት ጎማው ነውና። ደንባችሁ ይፈቅድ እንደሆነ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። የቀለሙ ማብረቅረቅ ፍጥነት ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አያመጣም። ልጁን ደስ ስለሚለው ይቀባ።

ልጅህ ይህን ሁሉ ቃል ከሚሰማ በዓይኑ ይይ። ፓኩ የልምምድ ቀን ካለው 4 በ4 ሴንቲሜትር የሆነ ካርቶን ቁረጡ። መጀመሪያ ካርቶኑን በመኪናው ጀርባ ላይ አስተኝታችሁ በቴፕ ለጥፉና ልቀቁት። ቀጥሎ ያንኑ ካርቶን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። ክብደቱ ያው ነው፤ የተለወጠው አየሩ ብቻ ነው። የሰዓቱን ቁጥር ሲያነብ አየር የሚባለውን ነገር ያያል።

«አባባ፣ አምስተኛ ክፍል ነኝ። ይህ የመጨረሻ ውድድሬ ነው። አባቴ ክብደቱ መሃል ይሁን ይላል። ወንድሜ ደግሞ ፊት ላይ ከሆነ ቁልቁል ቶሎ ይወርዳል ይላል። ማን ነው ትክክል?»
— ተማሪ፣ አትላንታ፣ ጆርጂያ (እናቷ ጽፋላታለች)

ጎበዝ የኔ ልጅ፣ ጥያቄሽ የመሐንዲስ ጥያቄ ነው። ክብደቱ ወደ ኋላ ነው የሚሆነው። ለአባትሽና ለወንድምሽ ምክንያቱን አንቺ ታስረጃቸዋለሽ።

መኪናሽ መነሻው ላይ ሲቆም አፍንጫው ወደ ታች፣ ጅራቱ ወደ ላይ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ ክብደት ወደ ታች የሚወድቅበት ብዙ ቦታ አለው። መኪናውን የሚገፋው ሞተር ይህ መውደቅ ብቻ ነው። ክብደቱን 5 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ብትወስጂው፣ ተዳፋቱ 25 ዲግሪ ቢሆን፣ ክብደቱ 2 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይነሳል። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ሁሉም እኩል ዝቅ ይላሉ፤ ያንቺ ግን ከሌሎቹ የበለጠ ወድቋል። ትርፉ 0.015 ሰከንድ አካባቢ ነው። መድረሻው ላይ 7 ሴንቲሜትር ትቀድሚያለሽ ማለት ነው።

ግን አታብዢው። ጅራቱ በጣም ከከበደ ፊቱ ይቀላል። ተዳፋቱ ወደ ሜዳ የሚዞርበት ቦታ ላይ የፊት ጎማዎቹ ይነሳሉ፣ መኪናው ይወዛወዛል፣ አንዳንዴም ከሐዲዱ ይወጣል። ልኩን እንዲህ ታገኚዋለሽ። ጎማውንም ክብደቱንም ከገጠምሽ በኋላ መኪናውን በእርሳስ ላይ አግድም አስቀምጪው። ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳያጋድል የቆመበት ቦታ የክብደቱ መሃል ነው። ያ ቦታ ከኋላው አክስል (የኋላ ጎማዎቹን ከያዙት ምስማሮች) ወደ ፊት 2.5 ሴንቲሜትር ላይ ቢሆን ጥሩ ነው። ከ2 ሴንቲሜትር በታች አታውርጂው።

አንድ ሌላ ነገር። ሳጥኑ ውስጥ ያለው እንጨት ሁለት የአክስል ስንጥቆች አሉት። አንዱ ወደ ጫፉ ይጠጋል፣ ሌላው ይርቃል። ወደ ጫፉ የተጠጋውን የኋላ አድርጊው። ብዙ ሰው ገልብጦ ይሠራል። ደንባችሁ ካልከለከለ በስተቀር እንዲህ ማድረግ ክብደቱን የበለጠ ወደ ኋላ ለመውሰድ ይረዳሻል።

ለክብደት ተንግስተን የሚባለው ብረት ትንሽ ሆኖ ከባድ ነው። 100 ግራሙ 5 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ብቻ ይይዛል፤ ተራ ብረት ቢሆን 13 ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ በቀጭን መኪና ውስጥ ይደበቃል። ዋጋው ግን ወደድ ይላል፤ ከሌለ ብረትም ይበቃል። እርሳስ የተባለውን ብረት ግን በእጅሽ አትንኪ። መርዝ ነው። ጋራዥ ውስጥ ተቀምጦ ከሆነ ለአባትሽ ንገሪው።

«የእኛ ጎማ በጣት መታ ሲደረግ ትንሽ ዞሮ ቀጥ ይላል። የጎረቤታችን ልጅ ጎማ ግን ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይቆምም። የሞተር ዘይት ላድርግበት? ደግሞስ መኪናችን ለምንድን ነው እየተወላገደ የሚወርደው?»
— አባት፣ ዳላስ፣ ቴክሳስ

ዘይቱን ተወው። አብዛኛው ደንብ ይከለክላል፤ አቧራም ይሰበስባል። የሚፈቀደው የግራፋይት ዱቄት ነው። ግን ከግራፋይቱ በፊት ምስማሩን እንይ፤ ውድድሩ የሚሸነፈው እዚያ ነውና።

ከሳጥኑ የወጣውን ምስማር ያዝና ከራሱ ሥር ጥፍርህን አሳልፍበት። ይይዝሃል። ፋብሪካው ምስማሩን ሲጨምቀው የቀሩ ሁለት ትንንሽ ጉብታዎች እዚያ አሉ። ከራሱ የውስጥ ገጽ ጠርዝም ላይ ስለት የመሰለ ሸካራ አለ። ጎማው በዞረ ቁጥር ፕላስቲኩ እነዚህን ይፍቃል። ያንተ ጎማ ቀጥ የሚለው ለዚህ ነው።

ምስማሩን ድሪል አፍ ውስጥ አስገብተህ አጥብቀው፤ ራሱ ወደ ውጭ ይሁን። ድሪሉን በዝግታ አሽከርክረው። በሚዞርበት ጊዜ በትንሽ ሞረድ ከራሱ ሥር ያሉትን ጉብታዎች አውርድ፤ የራሱንም የውስጥ ገጽ በትንሹ ሰያፍ አድርግ። ሞረዱን አትጫነው፤ ምስማሩ ከቀጠነ ጎማው ይወዛወዛል። ከዚያ 400 ቁጥር እርጥብ ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ 600፣ 1000፣ 2000። በየመሃሉ በጨርቅ ጥረገው። ድሪሉን አንተ ያዝ፣ ወረቀቱን ልጁ ይያዝ፤ የዓይን መከላከያ መነጽር ሁለታችሁም አድርጉ። መጨረሻ ላይ ምስማሩ እንደ መስተዋት ሲሆን ፊቱን ያይበታል። ይህችን ጊዜ በጣም ነው የምወዳት። ልጆች ምስማር እንዲህ ሊሆን እንደሚችል አያውቁም፤ ሌሎቹን ሦስቱን ማንም ሳያዛቸው ይጨርሳሉ።

ግራፋይቱን ጎማው ቀዳዳ ውስጥ ጨምረህ ምስማሩን አስገባና አዙረው። ደግመህ ጨምር፣ ደግመህ አዙር። ዱቄቱ በግጭት ወደ ፕላስቲኩ መግባት አለበት። ቀለም ከተቀባ በኋላ አድርገው፤ አለበለዚያ ጥቁሩ ሁሉንም ያበላሻል። አፍና አፍንጫን ሸፈን ማድረግ ጥሩ ነው።

መወላገዱ የአላይመንት ጉዳይ ነው። መኪናው ቀጥ ብሎ ካልሄደ ከሐዲዱ ጋር ግራ ቀኝ ይላተማል። እያንዳንዱ መላተም ፍጥነት ይበላል። ከአየሩ በላይ የሚበላው ይህ ነው። ብልሆቹ ምን ያደርጋሉ? አንዱን የፊት ጎማ ከመንገዱ በ1 ወይም በ2 ሚሊሜትር ያነሱታል። መሬት የሚነካውን የሌላኛውን የፊት ጎማ ምስማር በጥቂቱ ያጎብጡና፣ ጎማው መኪናውን በስሱ ወደ ተነሳው ጎማ በኩል እንዲመራ ያደርጉታል። መኪናው ሐዲዱን አንዴ ይደገፋል፤ ከዚያ ተደግፎ ይወርዳል እንጂ አይላተምም። የኋላ ጎማዎቹ ግን ፍጹም ቀጥ ያሉ መሆን አለባቸው።

ቤት ውስጥ መለካት ትችላለህ። ረጅም ሳንቃ በትንሹ አጋድለህ ቀጥ ያለ መስመር አስምርበት። መኪናውን በመስመሩ ላይ ልቀቀው። 1.2 ሜትር ሲወርድ ከ6 እስከ 10 ሴንቲሜትር ቀስ ብሎ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ ልኩ ነው። ካልሆነ የፊቱን ምስማር ራሱን በፒንሳ ይዘህ በትንሹ አዙረው፤ ደግመህ ልቀቅ። ትዕግሥት ይፈልጋል። ደግሞ አስታውስ፣ አንዳንድ ፓኮች አራቱም ጎማ መሬት ይንካ ይላሉ፤ አንዳንዶቹም ምስማር ማጉበጥን ይከለክላሉ። ደንቡ ከከለከለ አራቱንም በተቻለ መጠን ቀጥ አድርገህ መሥራት ነው።

«እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው ይባላል። መኪናችን ከእናንተ በላይ ይፈጥናል ማለት ነው?»
— አንባቢ፣ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ

በትንሹ፣ አዎ። ዴንቨር አካባቢ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ጠለል በ15 በመቶ ያህል ይሳሳል። ለቀጭን መኪና ይህ ጥቂት ሺህኛ ሰከንድ ነው። ጎንህ ያለውም መኪና ግን ያንኑ አየር ነው የሚቀዝፈው። ስለዚህ የምሥራቁን ሰዓት ከእናንተ ጋር አታወዳድር፤ መንገዶቹም እኩል አይደሉም።

«ኢንተርኔት ላይ ተሠርቶ ያለቀ፣ ፈጣን ነው የተባለ መኪና ይሸጣል። ልጄ አምና መጨረሻ ወጥቶ አልቅሶ ነበር። ዘንድሮ ብገዛለት ምን ይመስልዎታል?»
— እናት፣ ሲያትል፣ ዋሽንግተን

እህቴ፣ የልጅ እንባ እንዴት አንጀት እንደሚበላ ይገባኛል። አትግዢው። ብዙ ፓኮች አይቀበሉትም፤ ቢቀበሉትም ልጅሽ የራሱ እንዳልሆነ ያውቃል። ሚዛኑ ጋ ስቆም «ይህን እንዴት ሠራኸው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ራሱ የሠራ ልጅ ሳያቆም ያወራል። ያልሠራ ልጅ እናቱን ወይም አባቱን ቀና ብሎ ያያል። ያንን ዓይን ማየት አልወድም።

ይህን የምለው ለአባቶችም ነው። ወንድሞቼ፣ ፍቅራችሁ ገብቶኛል፤ በአገር ቤት ያላገኛችሁትን ለልጃችሁ ለመስጠት ትጣደፋላችሁ። ስለታም የሆነውንና በኤሌክትሪክ የሚሠራውን እናንተ ያዙ። መሻሹን፣ መለካቱን፣ መቀባቱን፣ ግራፋይቱን ለልጁ ተዉለት። መሻሹ ጠማማ ቢሆን አታርሙበት።

አምና መጨረሻ የወጣ መኪና ካለሽ ከሱ ጀምሩ። አዲስ ሠርታችሁ መወዳደር ካለባችሁም አሮጌው መማሪያ ነው። ጎማውን አሽከርክሩት፣ እርሳስ ላይ አመዛዝኑት፣ ሳንቃ ላይ ልቀቁት። በሦስቱ ሙከራ ለምን እንደተሸነፈ ልጅሽ ራሱ ያገኘዋል። እኔ ያየኋቸው መጨረሻ የወጡ መኪናዎች አብዛኞቹ ቅርጻቸው መጥፎ አልነበረም። ክብደታቸው ጎድሎ ነበር ወይም ጎማቸው ከእንጨቱ ጋር ይታከክ ነበር። በጎማውና በእንጨቱ መካከል አንድ ወፍራም ካርድ ማስገባት ካልቻልሽ ምስማሩን ትንሽ ሳቢው።

«ቤት ውስጥ 141 ግራም ያለው መኪና ውድድሩ ጋ 143 ሆነ። ልጁ ደነገጠ፤ እኔም ደነገጥኩ። ምን ማድረግ ነበረብን?»
— አባት፣ ላስ ቬጋስ፣ ኔቫዳ

የኩሽና ሚዛን ሁሉ እኩል አይመዝንም። የሚገዛው የፓኩ ሚዛን ነው። ስለዚህ ክብደቱን ቤት ውስጥ ሙሉ በሙሉ አትጨርሰው። ከሆዱ በኩል አንዲት ትንሽ ጉድጓድ ተዋት። በቦርሳህ ካቻቢቴ፣ ቶሎ የሚደርቅ ማጣበቂያ፣ ቴፕና ጥቂት ቀጫጭን የተንግስተን ወይም የብረት ቁራጮች ያዝ። እኛ ሚዛኑ ጋ ያለን ሰዎች አናሯሩጣችሁም፤ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ቦታ አለ።

ከጎደለ ቁራጭ ትጨምራለህ። ከበዛ ከገባው ቁራጭ ታወጣለህ። ምንም የሚወጣ ከሌለ ከሆዱ በኩል፣ ከፊተኛው አክስል አጠገብ፣ እንጨቱን በእጅ መብሻ ትንሽ ቆፍረው። ከኋላ አትቆፍር፤ እዚያ ያለው ክብደት የምትፈልገው ነው። ጉድጓዱን በቴፕ ሸፍነው። ልጁ ቴፑን ይለጥፍ፣ መኪናውን መልሶ ሚዛኑ ላይ ያስቀምጥ፣ ቁጥሩን ራሱ ያንብብ።